አሮጌውን ቁም ሣጥን ከመሸጣችን በፊት

(በሰፈራችን ዕድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር። በዕለቱ ያልተገኙ አባላትም እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችን ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ይኸውም ስለ ቁም ሣጥን፣ ስለ ሳንዱቅ፣ ስለ ቡፌና ስለ ኮመዲኖ፣ በጠቅላላው የቤታችንን ንብረት ስለምናስቀምጥበት ዕቃ አመራረጥ ነው። ጉዳዩን ያመጣው፣ እናንተም እንደምታውቁት፣ ባለፈው ወር አሮጌ ዕቃ እየዞረ የሚገዛ አንድ ነጋዴ ወደ ዕድራችን ቤት ብቅ ብሎ፣ መዝገቦቻችንና የልቅሶ ቤት ሲኒዎቻችን የሚቀመጡበትን ትልቁን የዋንዛ ቁም ሣጥን ልግዛችሁ ማለቱ ነው። የጠራው ዋጋ ሲሰሙት ደኅና ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ገንዘብ ጅማ ሄደን አዲስ እንግዛ ብንል የአዲሱን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም። አባላትም ለሁለት ተከፍለናል፤ ገሚሱ «ይሸጥ፣ አርጅቷል፣ በሩም አይዘጋም» ሲል ገሚሱ ደግሞ «ይጠገን» ይላል። ኮሚቴው ነገሩን አጣርቶ እንዲያቀርብ ኃላፊነት ስለተሰጠው፣ ሁለት ነባር አናጢዎችን አነጋግረን፣ ሣጥኑን ከግድግዳው አላቀን፣ ከፊትም ከኋላም መርምረን የደረስንበትን ዛሬ እናቀርባለን።

እግረ መንገዳችንን ለየቤታችሁ የሚጠቅመውንም እንጨምራለን። ምክንያቱም ያው ነጋዴ የሌሎቻችሁንም በር ማንኳኳቱ አይቀርም። ከዚህም በላይ የእኛ አገር ሰው ደኅና ገንዘብ የሚያየው በዓመት አንዴ ነው። ቡናው ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይሸጣል፤ ከዚያ ሠርጉም፣ የቤት ክዳኑም፣ የልጆች ዩኒፎርምም፣ ቁም ሣጥኑም በአንድ ወር ውስጥ ተከታትለው ይመጣሉ። በዚያ ጥድፊያ መኻል አንድ የማይረባ ቁም ሣጥን የገዛ ሰው፣ እስከሚቀጥለው ቡና ድረስ ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ማስቀመጡ ነው።

በመጀመሪያ ሊጤን የሚገባው የምንኖርበት አየር ነው። ጅማና አካባቢዋ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛሉ፤ አዲስ አበባ እንኳ የምታገኘው ከዚህ ያነሰ ነው። ዝናቡም በሐምሌና በነሐሴ ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ማለቂያ ይዘልቃል። አብዛኛው ቤታችን ደግሞ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ወለሉም በብዙው ቤት አፈር ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ወይም አዳማ ቤት ውስጥ አሥር ዓመት የሚቆይ ዕቃ እዚህ የቡ ሁለት ክረምት ላይቆይ ይችላል። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም፤ እርሱ የሚሸጠው በበጋ ነው።

ዛሬ በየሱቁ የተደረደረው አብዛኛው ቁም ሣጥን የተሠራው ከቺፑድ ወይም ከኤምዲኤፍ ነው። ቺፑድ ማለት የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተለውሶና ተጨፍልቆ ጣውላ እንዲመስል የተደረገ ነው። ኤምዲኤፍም ከዚያ ደቀቅ ካለ የእንጨት ጭረት የሚሠራ ነው። ላዩ ይለሰናል፣ ያብረቀርቃል፣ መስታወትም ይገባለታል፤ ዓይን ይስባል። እኛም ፈጽሞ አይገዛ አንልም። ደረቅ ወለል፣ የተለሰነ ግድግዳ፣ የማያፈስ ጣሪያ ላለው ሰው፣ እንዲሁም ለተከራይ፣ በዋጋውም በክብደቱም ይስማማል። ነገር ግን ጠርዙ ውኃ ከነካው ያብጣል፤ ሲደርቅም ወደ ቀድሞው መጠኑ አይመለስም። የበሩ ማጠፊያ አንዴ ከተነቀለ ብሎኑ ዳግመኛ አጥብቆ አይነክስም። ወለል ሲወለወል ውኃ የሚነካው የታችኛው ጠርዝ ነው የመጀመሪያው ሟች። ለመግዛት ከወሰናችሁም ጠርዞቹ በሙሉ፣ የማይታዩት የሥረኞቹ ጭምር፣ የተሸፈኑ መሆናቸውን ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

እውነተኛ ጣውላም ቢሆን ያብጣል፤ ልዩነቱ ሲደርቅ መመለሱ ነው። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚያብጠውም የሚኮማተረውም በወርዱ ነው። የድሮ አናጢዎች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ስለሆነም የበሩን መኻል ጣውላ በሚስማር አይመቱትም፣ በኮላም አያጣብቁትም፤ በማዕቀፉ ውስጥ ቦይ ፈልፍለው ያስገቡትና ልቅ ይተዉታል። በክረምት ሲሰፋ ቦታ ያገኛል፣ በበጋ ሲጠብም አይሰነጠቅም። አንድ አሮጌ ቁም ሣጥን ስታዩ የበሩን መኻል በመዳፋችሁ ገፋ አድርጉት። ትንሽ ከተንቀሳቀሰ አትደንግጡ፤ ጥሩ ምልክት ነው። በሚስማር ተጠርቅሞ መኻሉ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ካያችሁ ግን፣ ወይ የሠራው ሰው አላወቀበትም፣ ወይም ኋላ የጠገነው ሰው አበላሽቶታል ማለት ነው።

ስለ እንጨቱ ዓይነት ጥቂት እንበል። ዋንዛ፣ በኦሮምኛ ወዴሳ የምንለው፣ የእኛው የቡና ጥላ ነው። ከባድ አይደለም፣ በመላጊያ ይታዘዛል፣ ቡናማው ልቡ ምስጥን ይቋቋማል። ነጣ ያለው የዳር ዳር ክፍሉ ግን ልቡን ያህል አይጠነክርም፤ ነቀዝ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የታወቀው የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው በአመዛኙ ከዚሁ ከዋንዛ ነው። ጥድ ሽታ አለው፣ ምስጥም አይደፍረውም፤ ለልብስ ሳንዱቅ የሚስተካከለው የለም፣ ብልም ሽታውን አይወደውም። ዝግባ ቀጥ ያለና ለሥራ የሚመች ቢሆንም፣ እርጥበት ባለበት ቦታ ቶሎ ይጠቁራል፣ ተባይም ይደፍረዋል። ቀረሮ እንደዚሁ ለቤት ውስጥ ዕቃ ደኅና ነው፤ ከአፈር ወለል ጋር ግን አታገናኙት። ባሕር ዛፍ በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ለርብራብና ለአጥር ይሁን፣ ለመሳቢያ አይሆንም።

ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባውን ዕቃ ምን እንጨት እንደሆነ ከፊቱ ማወቅ አይቻልም። አናጢዎቹ የነገሩን ዘዴ ቀላል ነው፤ መሳቢያውን አውጥታችሁ ውስጡን፣ ደግሞም የሣጥኑን ጀርባና ሥር እዩ። እዚያ ማንም ቀለም አያባክንም።

መሳቢያውን ካነሳን ዘንድ እዚያው ትንሽ እንቆይ፤ አንድ ዕቃ በማን እጅ እንደተሠራ ከመሳቢያው የበለጠ የሚናገር የለምና። መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ ሳቡና አውጡት፣ ከዚያም ገልብጡት። ጥጉ እንዴት ተያያዘ? ጥርስ በጥርስ እየገባ የተቆላለፈ ከሆነ፣ ሚስማር ባይኖረውም በየቀኑ ሲሳብ ሃምሳ ዓመት አይላቀቅም። ጥርሶቹ ስፋታቸው እኩል ካልሆነ በእጅ የተሠራ ነው፤ አለመስተካከሉ አያስቀንሰውም። በኮላና በአራት ቀጭን ሚስማር ብቻ የተያዘ ከሆነ ግን ልብስ ሲሞላ ፊቱ እጃችሁ ላይ ይቀራል። የሚንሸራተትበት ጠርዝ ተበልቶ ከሆነ አትፍሩ፤ አናጢ ቀጭን ጣውላ ይለጥፍበታል፣ ከዚያ የሻማ ቁራጭ ወይም ደረቅ ሳሙና ሲታሽበት እንደ አዲስ ይሄዳል። የመሳቢያው ወለል ኮምፔንሳቶ ሆኖ ከተገነጣጠለም መቀየር ቀላል ነው። መሳቢያው ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ የሚቀረቀር ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምናልባት ሣጥኑ ራሱ ተጣምሟል።

መጣመሙን የምታውቁት በገመድ ነው። ከላይኛው ቀኝ ጥግ እስከ ታችኛው ግራ ጥግ ለኩ፤ ቀጥሎም በተቃራኒው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ሣጥኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኩል ካልሆኑ ወደ አንድ ጎን አጋድሏል። ወዲያውኑ «ተበላሽቷል» አትበሉ፤ መጀመሪያ ወለሉን እዩ።

የዕድራችን ሣጥን ነገር የተፈታው እዚህ ላይ ነው። በገመድ ስንለካው በሁለት ጣት ያህል ልዩነት አገኘን። ከዚያ የኋላ ግራ እግሩን ብናይ አፈሩ ውስጥ ሰምጧል፤ በላዩ ላይ ያለው የጣሪያ ቆርቆሮ ስለሚያንጠባጥብ ቦታው ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ወጣቶቹ ከፍ አድርገው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሩ ሲያስገቡለት ያ ስንት ጊዜ በገመድ የታሰረው በር በአንድ ጣት ተዘጋ። በዚያው የነበሩ እናት «ታዲያ በሩን ስንከሰው የኖርነው በምን ጥፋቱ ነው?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገር ግን ነጋዴው ዋጋ ሲያስቀንስ ዋናው ማስረጃው ይኸው በር እንደነበር አትርሱ።

አሁን ደግሞ ወደ ዕድሜ ጉዳይ እንለፍ። እየዞረ የሚገዛ ነጋዴ ሁለት ምላስ አለው። ከእናንተ ሲገዛ «ይኼ እኮ አሮጌ ነው፣ ለማገዶም አይሆን» ይላል፤ ሲሸጥ ደግሞ «የጣሊያን ጊዜ ዕቃ ነው፣ እንዲህ ያለ ዛሬ አይገኝም» ይላል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣሊያን ጅማን ለደቡብ ምዕራቡ ግዛት አስተዳደር ማዕከል አድርጓት ስለነበር፣ ከዚያ ዘመን የቀረ ዕቃ በአካባቢያችን መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም። የአናጢ ቋንቋችንን ብታዩ ኮላው፣ ኮምፔንሳቶው፣ ሎስትሮው፣ ኮመዲኖው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ቢሆንም «የጣሊያን ጊዜ» የተባለ ሁሉ የጣሊያን ጊዜ አይደለም። ማጣሪያ አለው። ራሱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ ወደ ተራው አናጢ እጅ የደረሰው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ቺፑድ በፋብሪካ ደረጃ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። ኤምዲኤፍ ደግሞ ከ1960ዎቹ ወዲህ የመጣ ነው። ስለዚህ «የጣሊያን» የተባለው ሣጥን ጀርባው ቺፑድ ከሆነ ወይም ጀርባው ተቀይሯል፣ ወይም ታሪኩ ተቀይሯል። በአንጻሩ ብሎኑ ባለ አንድ ስንጥቅ፣ ጀርባው ሙሉ ጣውላ፣ በጣውላውም ላይ የእጅ መጋዝ ጭረት የሚታይ ከሆነ ነገሩ ያስኬዳል። ለእኛ ለተጠቃሚዎቹ ግን ዕድሜው ዋናው አይደለም፤ የ1970ዎቹ ዓ.ም. ጥሩ ዋንዛ ከጣሊያን ዘመን የተበላ ዝግባ ይሻላል።

ተባይን በሚመለከት ሁለቱን ለዩ። ምስጥ ከመሬት ነው የሚወጣው፤ በእግሩና በጀርባው ላይ የጭቃ መንገድ ይሠራል። መንገዱን ጠርጋችሁ፣ እግሮቹን ድንጋይ ላይ አውጥታችሁ፣ ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ጋት ካራቃችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል። ያቺ አንድ ጋት ለአየርም ታስፈልጋለች፤ ከጭቃ ግድግዳ ጋር የተለጠፈ ሣጥን ጀርባው ሻጋታ ነው። ነቀዝ ግን እንጨቱ ውስጥ ነው የሚኖረው። ትናንሽ ክብ ቀዳዳ ስላያችሁ ብቻ ዕቃውን አትጣሉ፤ ቀዳዳው ተባዩ የወጣበት እንጂ የገባበት አይደለም፣ ምናልባትም ከሃያ ዓመት በፊት ወጥቶ ሄዷል። ነጭ ወረቀት ከሥሩ አንጥፉና አንድ ሳምንት ተዉት። አዲስ፣ ነጣ ያለ ዱቄት ከወረደ አሁንም ይበላል። ካልወረደ የድሮ ጠባሳ ነው። በጥፍራችሁ ወይም በቢላ ጫፍ ስትጫኑት የሚፈርስ እግር ግን ይቀየር።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው፣ ለእርሻ የመጣውን ፀረ ተባይ መርጨት ነው። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ልብስና ዕቃ የሚቀመጥበት፣ ልጅ የሚነካው ሣጥን ነው። ደግሞም እኛ የቡና ሰዎች ነን። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በገዛችው የኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢው ለጊዜው ክፉኛ ቀንሶ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ያኔ በዋናነት የተጠረጠረው ዛፉ ሳይሆን ቡናው የተሞላበት ጆንያ ነበር። ጆንያ ይህን ካደረገ ሣጥን ምን ያደርጋል?

ቡና ከተነሳ አይቀር አንድ ነገር እንናገር። በየቤታችን ዋጋ እስኪጨምር ተብሎ የሚቆይ ጀንፈል አለ። አንዳንዱ ሰው ሌባ ፈርቶ በትልቁ ሳንዱቅ ወይም በቁም ሣጥኑ ሥር ቆልፎ ያስቀምጠዋል። ስጋቱ ይገባናል፤ ቦታው ግን አይደለም። ቡና ሽታ ይስባል፤ የናፍታሊኑን፣ የላምባውን፣ የአዲሱን ቫርኒሽ ሽታ ሁሉ ይጠጣል፣ ቀማሹም ጅማ ላይ አንድ ጊዜ ፉት ብሎ ያውቀዋል። የእርጥበቱ መጠን ከመቶ 12 በላይ ሆኖ አየር በሌለው ሣጥን ከተዘጋበት ደግሞ ይሻግታል። ቡና በንጹሕ ጆንያ ሆኖ፣ ከወለል ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ በር በሚቆለፍበት ክፍል ይቀመጥ። ሣጥን ለልብስና ለወረቀት ነው።

ስለ ወረቀትም እንዲሁ። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃ፣ የጋብቻ ውል፣ የዕድር ደብተር፤ እነዚህ ከተበላሹ ስንት ቢሮ እንደሚያመላልሱ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት ግን በታችኛው መሳቢያ፣ ለወለሉ በጣም ቅርብ በሆነው ቦታ ነው። የቆርቆሮ ሣጥንም አይጥን ይከለክላል እንጂ እርጥበትን አይከለክልም፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያልበዋል። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ በላይኛው መደርደሪያ አድርጉት፤ ፀሐይ በወጣች ቀን ደግሞ በሩን ከፍታችሁ አስነፍሱት። እንግዲህ ሣጥን ስትመርጡ መጀመሪያ ምን እንደሚገባበት ቤት ተቀምጣችሁ አስቡ። ጋቢና ብርድ ልብስ የሚበዛበት ቤት ሰፊና ጥልቅ ሳንዱቅ ይሻለዋል፤ የትምህርት ቤት ልጆች ያሉበት ቤት ብዙ መሳቢያ ያስፈልገዋል። የቤታችሁንም በር ለኩ። ባለፉት ዓመታት ከሰፈራችን ውስጥ ስንት ቁም ሣጥን በር አልገባ ብሎ በረንዳ ላይ ዝናብ እንደመታው የምታውቁት ነው፤ ስም አንጠራም።

ሌላው ልጆችን የሚመለከት ነው። ረጅም ሣጥን መሳቢያዎቹ በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ፣ ወይም ሕፃን እንደ መሰላል ሲወጣበት፣ ወደፊት ይወድቃል። ይህ የእኛ ሰፈር ወሬ ብቻ አይደለም። አይኬያ የተባለው የስዊድን የቤት ዕቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ 29 ሚሊዮን ያህል የመሳቢያ ሣጥኖችን ለመመለስ የተገደደው ወድቀው ሕፃናትን ስለገደሉ ነው። አሮጌ የዋንዛ ሣጥን ደግሞ ከእነዚያ ይከብዳል። ከግድግዳው ቋሚ እንጨት ጋር ከላይ በኩል በብረት ጠፍር ወይም በጠንካራ ሽቦ እሰሩት፤ ከባድ ከባዱን ዕቃ ከታች አድርጉ። የድሮ ቀለምንም በደረቁ አትፋቁ። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገባው እርሳስ በደንብ የተገደበው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ዕቃ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ብናኙም ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው። መፋቅ ካስፈለገ ውጭ ላይ ሆኖ፣ እያረጠቡ፣ አፍንጫን ሸፍኖ ነው፤ ፍቅፋቂውም ተሰብስቦ ይወገድ።

«ታዲያ ለምን አዲስ ዋንዛ አናሠራም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይቻላል፤ ግን ሁለት ነገር አስቡበት። አንደኛ፣ ጣውላው ደርቋል ወይ? አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ጣውላ ጥላ ሥር አየር እየነካው እስኪደርቅ አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ ዛሬ ግን አስቸኳይ ስለሚባል ከመጋዝ ቤት በቀጥታ ወደ መላጊያ ይገባል። ከዚያ ሠርጉ ሳያልፍ በሩ ይጣመማል። የአሮጌው ትልቁ ጥቅም ይኼ ነው፤ መጣመም ያለበት ተጣሞ፣ መሰንጠቅ ያለበት ተሰንጥቆ ያለቀለት እንጨት ነው፤ የምታዩትን ነው የምትገዙት። ሁለተኛ፣ ዋንዛው ከየት መጣ? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ የከለከለው ዛፎቹ እያለቁ ስለነበረ ነው። ያ አዋጅ ኋላ በሌሎች ቢተካም የዛፎቹ ቁጥር በአዋጅ አልተመለሰም። የቡናችንን ጥላ ቆርጠን ቁም ሣጥን ብናሠራ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ የምናስቀምጠውን የሚገዛልን ምንድን ነው?

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በየቤታችሁ ከቅድመ አያት የወረደ፣ በእጅ የተቀረጸ ወንበር፣ በር፣ ሳንዱቅ ወይም የእንጨት ዕቃ ሊኖር ይችላል። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት የአባ ጅፋር ዳግማዊ ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ አለ፤ የእንጨት ሥራው በየጊዜው እየተጠገነ ዛሬም ቆሞ ይታያል። የእርሳቸው መገልገያዎችም በጅማ ሙዚየም ይገኛሉ። ልጆቻችሁን ወስዳችሁ ብታሳዩአቸው፣ ቤታችሁ ጥግ ላይ የተጣለው ምን እንደሆነ እነርሱ ራሳቸው ይነግሯችኋል። እንዲህ ያለ ነገር ካላችሁ ለመንገደኛ ነጋዴ ከመስጠታችሁ በፊት የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ባለሙያ አሳዩ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ እናንተ እዚህ በርካሽ የሸጣችሁት የት እንደሚደርስ አታውቁም።

የአባት ሣጥን ሲወረስ የሚነሳውንም ጠብ ኮሚቴው በሽምግልና ብዙ አይቷል። ሣጥን በመጋዝ ለሁለት አይከፈልም። አንዱ ልጅ ይውሰድና ለሌሎቹ በገንዘብ ያካክስ፤ ዋጋውን የሚተምነውም ከቤተሰቡ ውጭ ያለ አናጢ ይሁን። እዚህ ላይ አናረዝምም።

ወደ ራሳችን ሣጥን እንመለስ። ሁለቱ አናጢዎች ለየብቻ አይተውት በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ማዕቀፉም በሮቹም የዋንዛ ልብ ናቸው፣ ጥምረቱ ወንዴው ሴቴው ውስጥ ገብቶ በእንጨት ካስማ የተያዘ ነው፣ ነቀዙም የድሮ ነው፤ ለስምንት ቀን ያነጠፍነው ወረቀት ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል። የሰመጠው የኋላ እግር ግን ሥሩ በስብሷል፣ መቀየር አለበት። ከታች ያሉት ሁለት ጣውላዎችም ይቀየራሉ። አንዱ መሳቢያ ወለል የለውም። የቁልፉ ቤት ደኅና ነው፣ ቁልፉ ነው የጠፋው። ከዚያ በኋላ በቫርኒሽ ፈንታ በተልባ ዘይትና በሰም ቢታሽ ይሻላል ብለዋል፤ ቫርኒሽ ሲላጥ እንደገና መፋቅ ይጠይቃል፣ ዘይቱ ግን በየዓመቱ በጨርቅ ይደገማል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ እንዳትጥሉ፤ በራሱ ሙቀት እሳት ሊነሳበት ይችላልና ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። የጥገናው ጠቅላላ ወጪ ነጋዴው ከጠራው ዋጋ ያንሳል። ዝርዝሩ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ተለጥፏል።

የኮሚቴው አስተያየት ሣጥኑ እንዲጠገን ነው። ከጥገናው አስቀድሞ ግን ጣሪያው ይደፈን፤ ቆርቆሮው እያንጠባጠበ እግር መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። «ይሸጥ» የምትሉም ሐሳባችሁ ይከበራል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ በእጅ ማንሳት ድምፅ ይሰጥበታል። እስከዚያው ሣጥኑ ከግድግዳው እንደተላቀቀ ስለሚቆይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥታችሁ ጀርባውንም መሳቢያውንም በዓይናችሁ እዩ፤ ባትሪ ይዛችሁ ኑ፣ ከኋላው ጨለማ ነው። መዝገቦቹ ለጊዜው ገንዘብ ያዣችን ቤት ናቸው። ሲኒዎቹም ተቆጥረው በካርቶን ተቀምጠዋል፤ ስድስት ይጎድላሉ፣ ከባለፈው ልቅሶ በኋላ በስሕተት የወሰዳችሁ ካላችሁ ይዛችሁልን ብትመጡ እናመሰግናለን።